የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር መመሪያ ሲያርሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሶፍትዌር መመሪያ ሲያነብ የተሳሳተ ፊደል አይቶ ማለፍ የማይሆንለት ሰው አለ። ይህ ጽሑፍ ለእሱ ነው። ጠባዩ መልካም ነው፤ ሥራውም በጣም ያስፈልጋል። ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ እውነተኛ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር ነው። ኪውኢሙ፣ ሊብቨርት፣ ዜንና ቨርቹዋል ቦክስን የመሳሰሉ የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌሮች ኮዳቸው ክፍት ነው። መመሪያቸውንም ማንም ሰው አርሞ መላክ ይችላል። ኮድ መጻፍ ሳይጠበቅበት ወደ ትልቅ ፕሮጀክት መግባት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የቀለለ በር አይገኝም።

ግን የቨርቹዋል ማሽን መመሪያ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ አይታረምም። አንባቢው አንድ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ስለ ሁለት ኮምፒውተር ነው የሚያነበው። ማብራሪያውና ኮማንዱ እዚያው አንድ አንቀጽ ውስጥ ተደባልቀዋል። ኮማንዱ የሚነካው ደግሞ የሰው ዲስክ፣ የሰው ዳታ ነው። አንባቢው ያየውን ኮፒ አድርጎ ተርሚናሉ (ኮማንድ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ፔስት ያደርገዋል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን ያሳመረ እርማት ሥራውን ሊያበላሽ ይችላል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች የሚመጡት ይህን ከመዘንጋት ነው።

ስምን እንደ ተራ ቃል ማረም

በኮምፒውተር ዓለም ተሳስተው ተጽፈው በዚያው የጸኑ ስሞች አሉ። ከሁሉም የታወቀው ብሮውዘሩ ከየትኛው ገጽ እንደመጣ የሚናገረው «ሪፈረር» የተባለው የኤችቲቲፒ (የድረ ገጽ መገናኛ ሥርዓት) መስመር ነው። በ1996 ስታንዳርዱ ሲወጣ አንድ «አር» ጎድሎት ወጣ፤ ዛሬም እንደጎደለው አለ። በዩኒክስ ፋይል የሚፈጥረው «ክሪኤት» የተባለው ጥሪም መጨረሻው ላይ «ኢ» የለውም። ሼርድ ፎልደር ወይም ዲስክ ለማላቀቅ የምንጠቀምበት ኮማንድ «ዩማውንት» ነው። መዝገበ ቃላት የሚያውቀው ግን «አንማውንት» የሚለውን ነው። ይህን ኮማንድ መመሪያ ውስጥ አይቶ «ኤን» የጨመረ አራሚ የማይሠራ ኮማንድ ጻፈ ማለት ነው።

የቃል ምርጫም እንዲሁ ያሳስታል። በሊብቨርት ውስጥ ቨርቹዋል ማሽኖችን የምናዝበት ቨርሽ የሚባል መሣሪያ አለ። ከኮማንዶቹ አንዱ «ዲስትሮይ» (ደምስስ) ይባላል። ስሙን የሰማ ሰው ማሽኑን ከነዲስኩ የሚደመስስ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ኮማንዱ ማሽኑን በግድ ያስቆመዋል እንጂ ዲስኩን አይነካም። ማሽኑን ከዝርዝር የሚያወጣው «አንዲፋይን» የተባለው ኮማንድ ነው። መመሪያው ላይ «ማሽኑን በግድ ለማስቆም ዲስትሮይ ይጠቀሙ» የሚል ተጽፎ ያገኘ አራሚ፣ ጸሐፊው ተሳስቷል ብሎ «ለመሰረዝ» ብሎ ቢቀይረው አንባቢን ወደ ገደል ይመራል። መደረግ ያለበት ኮማንዱን እንዳለ ትቶ ማብራሪያውን ማጥራት ነው። «ይህ ኮማንድ ዲስኩን አያጠፋም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው ከድንጋጤ ታድናለች።

ታዲያ ስምና ተራ ቃል እንዴት ይለያሉ? ቃሉን ኮዱ ውስጥ ይፈልጉት። በዚያው አጻጻፍ ኮዱ ውስጥ ካለ ስም ነው፤ አይነካም። ስሙ ራሱ መታረም አለበት ብለው ካመኑም ጉዳዩ የመመሪያ ሳይሆን የኮድ ለውጥ ነው። ያ ደግሞ የብዙ ሰው ስክሪፕት ስለሚሰብር ራሱን የቻለ ውይይት ይፈልጋል።

እዚህ ጋ መጻፊያ ፕሮግራሞችንም ማንሳት ያስፈልጋል። ጽሑፉን ወደ ወርድ ወይም ወደ መሰል ፕሮግራም ወስደው አርመው ሲመልሱት፣ ሁለት አጫጭር ሰረዞች ወደ አንድ ረጅም ሰረዝ ሊቀየሩ ይችላሉ። ቀጥ ያሉት የጥቅስ ምልክቶችም ይጠማዘዛሉ። ለዓይን ያምራል። ለተርሚናል ግን ሌላ ቁምፊ ነው፤ ኮማንዱ አይሠራም። ይባስ ብሎ ልዩነቱ በዓይን በቀላሉ ስለማይለይ አንባቢው ችግሩን ፍለጋ ሌላ ቦታ ይባዝናል። መመሪያ የሚታረመው በኮድ ኤዲተር ነው።

ሆስትና ጌስትን ማደበላለቅ

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ላውራበት።

ሆስት የምንለው ዋናውን ኮምፒውተር ነው። ጌስት የምንለው በላዩ ላይ የሚነሳውን ቨርቹዋል ማሽን ነው። የመመሪያው ዓረፍተ ነገር ሁሉ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ነው የሚሠራው። እስቲ «ማሽኑን ሪስታርት ያድርጉ» የሚለውን ይመልከቱ። ሰዋስዉ ልክ ነው፤ የፊደል ግድፈትም የለበትም። የትኛውን ማሽን ነው ግን? ጌስቱ ከሆነ በአፍታ ተመልሶ ይነሳል። ሆስቱ ከሆነ ግን በላዩ ላይ የሚሠሩት ቨርቹዋል ማሽኖች በሙሉ አብረው ይወድቃሉ። ሰርቨር ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አራሚዎች ይህን ችግር የሚፈጥሩት ብዙ ጊዜ ጽሑፉን ለማሳመር ሲሉ ነው። ትምህርት ቤት አንድን ቃል ደጋግሞ መጻፍ ነውር ነው ተብሎ ተነግሮናል። ስለዚህ «ጌስት» የሚለው ቃል በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሲደጋገም ያዩና አንዱን «ሲስተም»፣ አንዱን «ማሽን»፣ አንዱን «ሰርቨር» ያደርጉታል። አንባቢው ግን ሦስት የተለያየ ነገር የተወራ ይመስለዋል። በቴክኒክ ጽሑፍ ድግግሞሽ ጉድለት አይደለም። ጌስት ከሆነ እስከ መጨረሻው ጌስት ነው። «እሱ»፣ «እዚያ»፣ «ይኸኛው» የሚሉትም ቃላት እንዲሁ ያደናግራሉ፤ በስሙ ይጥሩት።

ሌላው ደግሞ ቃሉ ሆስት ስለሚል ብቻ ነገሩን ከሆስት ጋር ማያያዝ ነው። ቨርቹዋል ቦክስ ውስጥ «ሆስት ኪ» የሚባል አለ። ኪቦርዱንና ማውሱን ከጌስቱ ወደ ሆስቱ የሚመልስ ቁልፍ ነው። ሌላ ካልመረጡ በቀር ዊንዶውስና ሊኑክስ ላይ የቀኙ ኮንትሮል ነው፤ ማክ ላይ የግራው ኮማንድ ቁልፍ። በሌላ በኩል ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ ከርቀት ለመግባት የሚያገለግለው ኤስኤስኤችም «ሆስት ኪ» አለው፤ እሱ የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጥ የምስጢር ቁልፍ ነው። ሁለቱ አንድ ገጽ ላይ ከተገናኙ አራሚው ልዩነቱን በግልጽ ማስቀመጥ አለበት። «ሆስትኔም» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ጌስቱም የራሱ ሆስትኔም አለው።

ዜንና ሊብቨርት ደግሞ ጭራሽ ሌላ ቃል ይጠቀማሉ፤ ቨርቹዋል ማሽኑን «ዶሜን» ይሉታል። የኢንተርኔት ዶሜን አይደለም። ዜን ላይ የሌሎቹ ሁሉ አስተዳዳሪ የሆነው ዶሜን «ዶም 0» ይባላል። እሱን «ሆስት» ብሎ መተካት ነገሩን ያቀለለ ይመስላል፤ ግን ትክክል አይደለም። በዜን አሠራር ዶም 0 ራሱ በሃይፐርቫይዘሩ (ቨርቹዋል ማሽኖችን በሚያሠራው ሶፍትዌር) ላይ የሚሠራ ዶሜን ነው። እንዲህ ያለ ቃል ሲያገኙ ፕሮጀክቱ የቃላት መፍቻ ካለው መጀመሪያ እሱን ይመልከቱ።

በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ሌላ ቨርቹዋል ማሽን ሲነሳ ነገሩ የባሰ ይወሳሰባል። መሀል ያለው ጌስትም ነው ሆስትም ነው። የኬቪኤም (የሊኑክስ የቨርቹዋል ማሽን ክፍል) ሰነዶች ለዚህ «ኤል 0»፣ «ኤል 1»፣ «ኤል 2» ይላሉ። ዜሮው እውነተኛው ኮምፒውተር ነው። ኤል 1 በእሱ ላይ ያለው ጌስት፣ ኤል 2 ደግሞ በዚያ ጌስት ውስጥ የተነሳው ነው። እነዚህ ምልክቶች ለአንባቢ ደረቅ መስለው ከታዩዎት አንድ መስመር ማብራሪያ ይጨምሩላቸው እንጂ «የውጪው ጌስት»፣ «የውስጠኛው ሆስት» እያሉ አይተኳቸው።

ተቀራራቢ ቃላትን አንድ አድርጎ ማየት

ስናፕሾት፣ ክሎንና ባክአፕ ለተራ ሰው ሦስቱም «ኮፒ» ናቸው። ለመመሪያ ግን አይደሉም። ቨርቹዋል ቦክስ ላይ ስናፕሾት ሲያነሱ የዲስኩ ሙሉ ቅጂ አይሠራም። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ለውጥ ብቻ በሌላ ፋይል መጻፍ ይጀምራል። ዋናው የዲስክ ፋይል ከጠፋ ያ የለውጥ ፋይል ብቻውን ምንም አይጠቅምም። ስለዚህ «ስናፕሾት ያንሱ» የሚለውን «ባክአፕ ያድርጉ» ብሎ የቀየረ አራሚ ሰውን የሌለ ዋስትና ሰጥቶታል። ክሎንም ቢሆን ሁለት ዓይነት አለው። ሙሉው ክሎን ራሱን የቻለ ነው፤ «ሊንክድ» የሚባለው ግን ያለ እናቱ ዲስክ አይነሳም። «ሊንክድ» የሚለውን ቃል ትርፍ ነው ብሎ መሰረዝ አንባቢው የሚያስፈልገውን ፋይል እንዲሰርዝ መንገድ ይከፍታል።

ማሽን ማቆሚያ ቃላትም እንዲሁ ናቸው። የቨርቹዋል ቦክስን መስኮት ሊዘጉ ሲሉ ሦስት ምርጫ ይመጣል። አንዱ ማሽኑ ያለበትን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ያቆመዋል። ሁለተኛው ለጌስቱ የመዘጋት ምልክት ይልካል፤ ጌስቱ ፋይሎቹን ዘግቶ በሥርዓት ይጠፋል። ሦስተኛው «ፓወር ኦፍ» ነው፤ ገመዱን ከግድግዳው ነቅሎ እንደ ማጥፋት ያለ ነገር ነው። መመሪያ ላይ ሦስቱንም «ማሽኑን ያጥፉት» በሚል አንድ ሐረግ ጠቅልሎ መጻፍ አይገባም። የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ኮዱን ወይም ጸሐፊውን መጠየቅ ነው።

ደግሞ አንድ ቃል ከሶፍትዌር ሶፍትዌር ትርጉሙ ይለያያል። «ሰስፔንድ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቪኤምዌር ወርክስቴሽን በተባለው ሌላ የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር ላይ ሰስፔንድ ሲያደርጉ የማሽኑ ሁኔታ ዲስክ ላይ ተጽፎ ማሽኑ ይቆማል። በሊብቨርት ግን ሰስፔንድ ማለት ፕሮሰሰሩን ማስቆም ብቻ ነው። ማሽኑ ሜሞሪ ውስጥ እንዳለ ይቆያል፤ የያዘውን ራም አይለቅም። ሁኔታውን ፋይል ላይ አስቀምጦ ሜሞሪውን የሚለቀው «ሴቭ» የሚባለው ኮማንድ ነው። አንዱን ሶፍትዌር ለምዶ የሌላውን መመሪያ የሚያርም ሰው በልማዱ ሊሳሳት የሚችለው እዚህ ላይ ነው።

የኔትወርክ አማራጮችን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። ቨርቹዋል ቦክስ ጌስቱን ከውጪ ኔትወርክ ጋር የሚያገናኙ «ናት» እና «ናት ኔትወርክ» የተባሉ ሁለት አማራጮች አሉት። «ኔትወርክ» የሚለው ቃል ትርፍ ይመስላል። ግን በናት ላይ ያሉ ጌስቶች እርስ በርሳቸው አይገናኙም፤ በናት ኔትወርክ ላይ ያሉት ይገናኛሉ። ቃሉን ያነሳ ሰው ሌላ አማራጭ አስመረጠ።

የመጠን መለኪያን እንደ አጻጻፍ ስልት መቁጠር

አንድ ገጽ ላይ «ኤም» ተብሎ፣ ሌላ ገጽ ላይ «ኤምቢ» ተብሎ፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ መሀሉ ላይ ትንሽ «አይ» ተጨምሮበት ሲገኝ አራሚ አንድ ወጥ ለማድረግ እጁን ይበላዋል። ትንሽ ይታገሡ። ሜጋባይት በጥብቅ ትርጉሙ 1,000,000 ባይት ነው። ሜቢባይት የሚባለው ደግሞ 1,048,576 ባይት ነው። ይህ የሁለተኛው ዓይነት ስያሜ ከ1998 ጀምሮ የታወቀ ስታንዳርድ ነው፤ «አይ» የምትለው ፊደል የምትገባውም እሱን ለማመልከት ነው።

ሊብቨርት ይህን ልዩነት በቁም ነገር ይወስደዋል። የማሽኑ ቅንብር በተጻፈበት የኤክስኤምኤል ፋይል ውስጥ የሜሞሪ መለኪያው «ኤም» ብቻ ከሆነ ሜቢባይት ማለት ነው። «ኤምቢ» ከሆነ ሜጋባይት ነው። «1024 ኤም» የነበረውን «1024 ኤምቢ» ያደረገ ሰው ከ1,073,741,824 ባይት ወደ 1,024,000,000 ባይት አወረደው። አንድ ፊደል ጨመርኩ ብሎ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ባይት ቀነሰ። መለኪያው ጨርሶ ካልተጻፈ ደግሞ ሊብቨርት ቁጥሩን በኪቢባይት ነው የሚያነበው። «2048» ብሎ ብቻ ያስቀመጠ ሰው 2 ሜቢባይት ብቻ ያለው ማሽን ጠየቀ ማለት ነው። ኪውኢሙ ግን መለኪያ ያልተጻፈለትን የሜሞሪ ቁጥር በሜቢባይት ያነበዋል። እዚያ «2048» ማለት 2 ጊቢባይት ነው።

ትንሹና ትልቁ «ቢ»ም ልዩነት አላቸው። ትንሹ ቢት፣ ትልቁ ባይት ነው፤ በመካከላቸው ስምንት እጥፍ አለ። ስለዚህ መለኪያ ላይ ወጥነት ለማምጣት ከመነሳትዎ በፊት ሶፍትዌሩ በእርግጥ የሚያነበው የቱን እንደሆነ ያረጋግጡ።

የቆየ ስም ባዩ ቁጥር መተካት

ቨርቹዋል ቦክስን መጀመሪያ የሠራው ኢኖቴክ የሚባል የጀርመን ኩባንያ ነው። በ2008 ሰን ኢኖቴክን ገዛው። በ2010 ኦራክል ሰንን ገዛ። ቪኤምዌርም በ2023 መጨረሻ የብሮድኮም ሆኗል። የኩባንያ ስም ሲለወጥ መመሪያው ውስጥ የቀረውን አሮጌ ስም በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም መተካት ያጓጓል።

ግን ቨርቹዋል ቦክስ ጌስት ውስጥ ገብተው የማሽኑን አምራች ስም ቢጠይቁ ኢኖቴክ የሚል መልስ ነው የሚያገኙት። ሶፍትዌሩ ለጌስቱ እንደዚያ ብሎ ነው የሚናገረው። ሊኑክስ ላይ ሲስተምዲ የተባለው የሲስተም ማስተዳደሪያ ቨርቹዋል ማሽኑን ለይቶ እንዲናገር ሲጠየቅ ደግሞ «ኦራክል» ይላል። ሁለቱም ትክክለኛ ውጤቶች ናቸው። በመመሪያው ምሳሌ ውስጥ ያለውን ኢኖቴክ «አሮጌ ስም ነው» ብሎ ኦራክል ያደረገ አራሚ፣ አንባቢው ፈጽሞ የማያገኘውን ውጤት አስፍሯል።

የምርት ስሞችንም አይቀያይሩ። ቨርቹዋል ቦክስ ጌስቱ ውስጥ የሚጫነውን «ጌስት አዲሽንስ» ይለዋል። ቪኤምዌር «ቱልስ» ይላል። ኪውኢሙ ደግሞ «ጌስት ኤጀንት» አለው፤ ሥራውም ከሁለቱ ጋር አንድ ዓይነት አይደለም። ሊብቨርት ስሙን በትንንሽ ፊደላት ብቻ ነው የሚጽፈው። ፕሮጀክቱ ራሱን እንዴት ይጽፋል? እንደዚያው ይጻፉት።

ስክሪን ላይ የሚታየውን ጽሑፍ ማሳመር

የስህተት መልእክት መመሪያ ውስጥ ሲጠቀስ ቃል በቃል መሆን አለበት። ሰው ችግር ሲገጥመው መልእክቱን ገልብጦ ነው የሚፈልገው። መልእክቱ ውስጥ የፊደል ግድፈት ካለ መመሪያው ላይ ብቻ ማረም ፈላጊውንና መልሱን ያለያያል። መጀመሪያ ኮዱ ይታረም፤ መመሪያው ይከተል።

የሜኑና የሴቲንግ ስሞችም እንዲሁ ናቸው። ፕሮሰሰሩ ቨርቹዋል ማሽን እንዲያሠራ የሚያስችለው ነገር በኢንቴል «ቪቲ-ኤክስ» ይባላል፤ በኤኤምዲ «ኤኤምዲ-ቪ»። ግን ብዙ የኤኤምዲ ማዘርቦርዶች የባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የሴቲንግ) ገጽ ላይ የሚያዩት «ኤስቪኤም» የሚል ነው። መመሪያው «ኤስቪኤም የሚለውን ይክፈቱ» ካለ፣ ከሌላው አንቀጽ ጋር እንዲገጥም ብለው ኤኤምዲ-ቪ አያድርጉት። አንባቢው ስክሪኑ ላይ የሚፈልገው የሚያየውን ቃል ነው።

የፊደል ማረሚያ ፕሮግራምን ብቻ ማመን

ኮድስፔል የሚባል መሣሪያ አለ፤ በኮድና በሰነድ ውስጥ በብዛት የሚታወቁ ግድፈቶችን ይለቅማል። የሊኑክስ ከርነልም የተለመዱ ግድፈቶች የተዘረዘሩበት የራሱ ፋይል አለው። ሁለቱም ይጠቅማሉ። ችግሩ የሚመጣው ያገኙትን ሁሉ ሳያዩ ሲቀበሉት ነው።

ከዚያ የሚብሰው ግን ፕሮግራሙ የማያገኘው ነው። «ጌስት» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የመጀመሪያዋ «ጂ» ወደ «ኪው» ከተቀየረች «ኩዌስት» የሚል ሌላ ትክክለኛ ቃል ይወጣል። ማረሚያው ዝም ይላል። «ፍሮም» እና «ፎርም»ም እንደዚሁ ፊደል ተቀያይሮባቸው ያልፋሉ። በጣም አደገኞቹ «ናው» እና «ኖት» ናቸው። በአንድ ፊደል ነው የሚለያዩት። «ይህ አሁን ይሠራል» የነበረው «ይህ አይሠራም» ይሆናል። እንዲህ ያለውን የሚይዘው ትርጉሙን እየተከተለ የሚያነብ ሰው ብቻ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ከጎረቤቱ ጋር ካልተስማማ ቆም ይበሉ።

የተሳሳተ ቦታ ላይ ማረም

ድረ ገጹ ላይ የሚያዩት መመሪያ ብዙ ጊዜ ከሌላ ፋይል በፕሮግራም የተሠራ ነው። ውጤቱን ቢያርሙት በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና ሲሠራ ግድፈቱ ይመለሳል። ኪውኢሙ ላይ የኮማንድ አማራጮቹ ማብራሪያ ከኮዱ ጋር በተቀመጠ አንድ ፋይል ውስጥ ነው ያለው። ከዚያው ፋይል መመሪያውም፣ ተርሚናል ላይ እርዳታ ሲጠየቅ የሚመጣው ጽሑፍም ይወጣሉ። አንድ ቦታ ታርሞ ሁሉም ጋ ይደርሳል፤ ግን ቦታውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ርዕስ ሲያርሙም ይጠንቀቁ። ብዙ የሰነድ መሣሪያዎች የሊንኩን ስም ከርዕሱ ነው የሚያወጡት። ርዕሱ ላይ አንድ ፊደል ሲቀየር ወደዚያ ክፍል የሚያመጡ የቆዩ ሊንኮች መድረሻ ያጣሉ። ግድፈቱ ይታረም፤ ግን አሮጌው የሊንክ ስም አብሮ እንዲኖር የሚደረግበት መንገድ ካለ ይጠቀሙበት።

የትርጉም ፋይሎችንም ማሰብ ያስፈልጋል። ጌትቴክስት በሚባለው አሠራር የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ራሱ ነው ትርጉሙ የሚፈለግበት ቁልፍ። እዚያ ላይ አንድ ኮማ ሲጨመር የሁሉም ቋንቋዎች ትርጉም «ፈዚ» የሚል ምልክት ይደረግበታል። ተርጓሚ አይቶ እስኪያጸድቀው ድረስም በተለመደው አሠራር ለተጠቃሚው አይታይም፤ በቦታው እንግሊዝኛው ይመለሳል። ትርጉም ያለበት ፕሮጀክት ላይ ጥቃቅን እርማቶችን ሰብስቦ አንድ ጊዜ ማስገባትና አዲስ ቨርዥን ሊወጣ ሲል ከመነካካት መቆጠብ ለተርጓሚዎች ትልቅ ውለታ ነው።

ሳይሞክሩ ማረም

ዓረፍተ ነገሩ ስላልጣመዎት ብቻ አይለውጡት። ኮማንዱን ያሂዱት። ደግነቱ የቨርቹዋል ማሽን መመሪያ መሞከሪያውን ይዞ ነው የሚመጣው። አንድ ጌስት ያስነሱ፤ ስናፕሾት ያንሱ፤ መመሪያውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቃል በቃል ይከተሉ። የተበላሸ ነገር ካለ ወደ ስናፕሾቱ ይመለሱ። እንዲህ ሲያደርጉ የፊደል ግድፈት ይፈልጉ የነበሩት ሰው የጎደለ እርምጃ ያገኛሉ፤ ኮማንዱ የአስተዳዳሪ ፈቃድ እንደሚፈልግ ያልተነገረበትን ቦታም ያያሉ። እኔ በግሌ ከመቶ ኮማ ይልቅ እንዲህ ያለ አንድ ግኝት ይበልጥብኛል።

ጊዜ ያለፈበት ጽሑፍም በዚህ ይታወቃል። የማይሠራ ነገርን አሳምሮ መጻፍ ለአንባቢ ምንም አይፈይድም። ይዘቱ ከተሳሳተ ይዘቱን ያርሙ። ካልቻሉ ግድፈቱን እንዳለ ትተው ችግሩን ለፕሮጀክቱ ያሳውቁ።

ሁሉን ነገር በአንድ ፓች መላክ

የፊደል እርማት፣ የአንቀጽ አደራደርና የትርጉም ለውጥ በአንድ ፓች (ለፕሮጀክቱ በሚላክ የለውጥ ፋይል) ሲመጡ ገምጋሚው ምን እንደተለወጠ አያይም። በተለይ መስመሮችን እንደገና ማደራደር ጎጂ ነው። አንድ ፊደል ታርሞ አንቀጹ በሙሉ ከተደረደረ ሁሉም መስመር የተለወጠ ይመስላል። የፊደሉ ለብቻ፣ የትርጉሙ ለብቻ ይሁን። መስመሩ ቢረዝምም ባለበት ይተዉት።

መልእክቱንም በደንብ ይጻፉ። «ግድፈት አረምኩ» ከሚል ይልቅ የትኛው ሰነድ ላይ ምን እንደታረመ በአንድ መስመር ይግለጹ። የትርጉም ለውጥ ከሆነ እንዴት እንዳረጋገጡት ይጨምሩ። የትኛው ቨርዥን ላይ ሞከሩት? ሆስቱ ምን ነበር? ጌስቱስ? ኪውኢሙና ሊብቨርት ፓቹን የላከው ሰው በስሙ የሚፈርምበትን መስመር ይጠይቃሉ፤ ያ ከሌለ እርማቱ ልክ ቢሆንም አይገባም። ስለ መጀመሪያው ጸሐፊ ክፉ ቃል አይጻፉ። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ያልሆነ ሰው ሊሆን ይችላል፤ መልእክቱም ከፕሮጀክቱ ታሪክ አይጠፋም።

ገምጋሚው «ይህ ቃል ሆን ተብሎ ነው የተጻፈው» ብሎ ቢመልስልዎት ምክንያቱን ይጠይቁትና ያንን ምክንያት አንድ መስመር አድርገው መመሪያው ውስጥ ለማስገባት ሌላ ፓች ይላኩ።